ስንተኛው ደቂቃ ላይ ይነቃብኛል

ላስ ቬጋስ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1979

ለእትዬ ግራሲያና፣

እንደምን ከረምሽ? ወለም ያለው እግርሽ እንዴት ሆነ? ምድጃ ፊት መቆሙንስ ቻልሽው? ሁለት ወር ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ስላስጨነቅሁሽ ይቅር በይኝ። ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። መልስ ያዘገየሁት አንዷ ጥያቄሽ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ነው።

አዎ፣ የነገሩሽ እውነት ነው፤ ከኢንሹራንሱ መሥሪያ ቤት ለቅቄያለሁ። አሁን የምኖረው ብላክጃክ የሚሉትን የካርታ ቁማር እየተጫወትኩ ነው። ቆይ፣ ወረቀቱን አትቅደጂብኝ! መጀመሪያ ስሚኝ።

በዚህ ጨዋታ የወጣውን ካርታ በልቡ የሚይዝ ሰው፣ የቀረው ካርታ መቼ ለተጫዋቹ እንደሚያደላ ያውቃል። ያኔ የሚያስይዘውን ገንዘብ ከፍ ያደርጋል። ሕግ አይከለክለውም። የካዚኖ ሰዎች ግን እንዲህ ያለውን ሰው እንደ አይጥ ነው የሚያድኑት። አንሰል የሚባል ሰው ስምንት እንዲህ ያሉ ተጫዋቾች አሉት። ሰው ገንዘቡን በምን ያህል ከፍና ዝቅ ሲያደርግ እንደሚነቃበት፣ በስንተኛውም ደቂቃ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። እኔን የቀጠረኝ ይህን እንድለካለት ነው። ስምንቱ እንዳይነቃባቸው ይጫወታሉ፤ እኔ እንዲነቃብኝ እጫወታለሁ።

ዊልማ ታኬት የምትባል ጡረታ የወጣች አስተማሪ አብራኝ አለች። ከሳንቲም ማሽኖቹ አንዱ ዘንድ ተቀምጣ፣ በሹራብ ቦርሳዋ ውስጥ ደብተር ይዛ ታየኛለች። ጠረጴዛዎቹን የሚቆጣጠረው የወለሉ አለቃ ቀና ብሎ ሲያየኝ አንድ ጭረት፣ ስልክ ሲያነሳ ሁለተኛ፣ ትከሻዬን ሲነካኝ ሦስተኛ። ከአስር ዶላር ወደ ሃያ ብቻ ከፍ ስል ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ወደ አርባ ስል ሰባ ደቂቃ። ወደ ሰማንያ ስል ሃያ አምስት። ደግሞ የሚገርምሽ፣ ተበልቶ በንዴት የሚያበዛውን ማንም አይጠረጥረውም። ረጋ ብሎ የሚያበዛውን ነው።

ሲነቃብኝም የሚሉኝ «ጌታዬ፣ ጨዋታዎ ለእኛ በዛብን፤ ራትዎን በእኛ ሒሳብ በልተው ይሂዱ» ነው። ሌላ ነገር የለም። የፈራሽውን ያህል አይደለም።

የት እንደምውል ከነቀኑ ጻፍልኝ ስላልሽ፦ በ11 «ብርማው ድኩላ» ካዚኖ፣ በ14 «ሦስት ደወል»፣ በ17 «ሰማያዊ ግመል»። ሌሎቹን ቀኖች ገና አልቆረጥንም።

ወንድምሽ ቤልትራን


ኤልኮ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1979

ቤልትራን፣

ወረቀቱን አልቀደድኩትም። ሁለት ጊዜ አንብቤ የዱቄት ጣሳ ውስጥ ከተትኩት። እናትና አባታችን ሲሞቱ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፤ የተማርከው እኔ በማረፊያ ቤታችን የሚያድሩትን ሽማግሌዎች አንሶላ እያጠብኩ ነው። እንዲነቃብህ ትጫወት ዘንድ ነው ያስተማርኩህ? ያምሃል እንዴ? ሰው እያወቀ እጁን ወጥመድ ውስጥ ከትቶ «ስንት ሰኮንድ ይፈጃል?» ብሎ ይቆጥራል?

ከሽማግሌዎቹ አኒሴቶ ነገሩን ሲሰማ፣ «ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግን ጎበዝን የሚቀብረው ጉብዝናው ነው» አለ። በሰማንያ ዓመቱ አፉ አልተዘጋም። ሾርባውን ቀነስኩበት።

እግሬ እየተሻለው ነው። ፖስታ ቤት ድረስ መሄዱን ሐኪሙ ከለከለኝ፤ ግን ችግር የለም። ከኦገስት ጀምሮ አንድ ጨዋ እንግዳ አርፎብናል፤ ሚስተር ስቴቢንስ ይባላል። የውኃ ፓምፕ ሻጭ ነው። በየጠዋቱ የራሱን ደብዳቤ ሊያይ ሲሄድ የእኛንም ይዞልኝ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

የምትውልበትን መጻፍህን አታቋርጥ። አንድ ቀን ብትጠፋ የት እንደምፈልግህ እንኳ ልወቅ። የዚያች አስተማሪ ጤና እንዴት ነው? ልጆች አሏት? እሷን የሚፈልጋት ሰው አለ?

እህትህ ግራሲያና


ላስ ቬጋስ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1979

እትዬ ግራሲያና፣

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፌ ቢጣመምብሽ አውቶብስ ላይ ሆኜ ስለምጽፍ ነው።

ልኬቱ ተበላሽቶብኛል። በብርማው ድኩላ ከአስር ወደ ሃያ ብቻ ነበር ከፍ የምለው፤ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ነበረብኝ። በዘጠነኛው ደቂቃ መጡ። በሦስት ደወል ደግሞ ምንም ከፍ ሳልል፣ አስር ብቻ እያስያዝኩ እንደ ማንም ጎብኚ ተጫወትኩ፤ ስድስተኛው ደቂቃ። በሰማያዊ ግመል የመጀመሪያው ካርታ ሳይታደለኝ የወለሉ አለቃ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ዊልማ ሦስቱንም ጭረት ባንድ ላይ አሠመረች። ሌላ ስም ነበር የሰጠሁት፤ እሱ ግን «ሚስተር ኢሪባርኔ፣ አንዴ ከእኛ ጋር ወደ ኋላ ክፍል ቢመጡ» አለኝ። ትንሽ አነጋግረውኝ ለቀቁኝ። የምጨምርልሽ የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትደነግጪ። ስለ እኔ የሚጠይቅ ሰው ወደ ማረፊያ ቤቱ መጥቷል? ፖሊስም ይሁን፣ የድሮ ጓደኛዬ ነኝ ባይም ይሁን?

ዊልማ ባሏ ሞቷል፤ ልጅ የላትም። ስለጠየቅሻት አመስግኚልኝ ብላለች።

በ28 «ቀይ ፈረሰኛ»፣ በኦክቶበር 2 «ካርመን»።

ቤልትራን


ኤልኮ፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1979

ቤልትራን፣

አውቶብስ አይደለም። አንደኛ ክፍል ከነበርክበት ጊዜ ጀምሮ ጽሑፍህን አውቀዋለሁ። ይህ በግራ እጅ የተጻፈ ነው። ቀኝህ ምን ሆነ?

«አነጋግረውኝ ለቀቁኝ» ትላለህ። በምን ቋንቋ ነው ያነጋገሩህ?

ስለ አንተ የጠየቀ ሰው የለም። ፖሊስ አልመጣም፤ ጓደኛ ነኝ ባይም አልመጣም። ማታ ከራት በኋላ ስለ አንተ የማወራው ከሚስተር ስቴቢንስ ጋር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ቤተሰብ ነው። ፎቶህን አይቶ «እንዴት ያለ አስተዋይ ፊት ነው!» አለ። ያቺን አስተማሪም ባገኛት ደስ ይለኛል ሲል ነበር፤ እሱም ብቸኛ ሰው ነው። እኔማ ሁለቱን ላጋባ እያሰብኩ ነው።

ና ወደ ቤት። ስለ እጅህ ካልጻፍክልኝ ራሴ እመጣለሁ።

ግራሲያና


ኦክቶበር 5 ቀን 1979
(በዳቦ ጋጋሪዋ በዶሜካ በኩል፣ በእጇ የሚሰጥ)

እትዬ፣

ይህን እዚያው ዳቦ ቤቱ ውስጥ ቆመሽ አንብቢ። ስትጨርሺ እምድጃው ውስጥ ጣዪው። ወደ ቤት ስትመለሺ ፊትሽ አይለወጥ።

ትናንት ዊልማ ደብተሩን ገለባበጠችና፣ «ቤልትራን፣ ለማን ነው የምታወራው?» አለችኝ።

«ለማንም።»

«ለእህትህስ?»

«እህቴን በዚህ ነገር አታንሻት!»

«እሷን አይደለም የምጠረጥረው፤ ቴምብሩን ነው» አለችኝና ሁለት ዓምድ አሰመረች። ባንዱ ለአንቺ የጻፍኳቸውን ቤቶች፣ በሌላው ያልጻፍኳቸውን። ለአንቺ ባልጻፍኳቸው ሰባት ቤቶች እንደ ድሮው ሰዓታት ተቀምጫለሁ። በጻፍኳቸው አምስት ቤቶች ዘጠኝ ደቂቃ፣ ስድስት፣ ዜሮ፣ አራት፣ ዜሮ። እኔ የለካሁ የመሰለኝ የማስይዘውን ገንዘብ ነበር። የለካሁት ግን ደብዳቤዬ በስንት ቀን ሰው እጅ እንደሚገባ ነው።

ኦገስት ላይ ሆቴል እያለሁ ፖስታሽ ላይ አድራሻሽን አይተው መሆን አለበት። ካዚኖዎች የሚቀጥሩት የምርመራ ድርጅት አለ፤ ስቴቢንስን የላከው እሱ ይመስለኛል። ያ ፓምፕ ሻጭ አንድ ፓምፕ እንኳ ሲሸጥ አይተሻል?

ስለ እጄ እውነቱን ልንገርሽ። ሰማያዊ ግመል ከኋላ ክፍል ሁለት ጣቶቼን በጠረጴዛ መሳቢያ ቀረቀሩብኝ። ደብተሩን ፈለጉ፤ የስምንቱን ስምና የዊልማን። አልሰጠሁም። አንደኛው ሰውዬ ኮቴን እያለበሰኝ፣ «እህትዎ የባቄላ ሾርባ ላይ አንደኛ ናት ይላሉ። ወጥ ቤቷ መውጫው አንድ በር ብቻ መሆኑ ግን ጥሩ አይደለም» አለኝ። ይህን ነው የደበቅሁሽ። እስከ 20 ቀነ ገደብ ሰጥተውኛል። አንሰል ስልኩን ማንሳት ትቷል።

ሰውየውን አትጠይቂው። አታባርሪው። መፍራትሽን ካየ ያልቅልናል። መልስሽን በዊልማ አድራሻ ላኪልኝ፤ አሁን ያለሁት እሷ ቤት ነው።

ቤልትራን


ኤልኮ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1979
(በዊልማ ታኬት አድራሻ)

ወንድሜ፣

እጅህን ሳስበው ማንኪያ መያዝ አቃተኝ። እንዳትጠፋብኝ ብዬ አስጽፌህ፣ በየማዕዱ እያወራሁ ያስያዝኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው በኋላ ይደርሳል።

ሳላረጋግጥ ሰው መወንጀል ስላልፈለግሁ እኔም እንዳንተ ለካሁ። ዶሜካ ጀርባው ላይ ያንተን ስም ጽፋ ደብዳቤ አዘጋጀች፤ በወረቀቱ እጥፋት ውስጥ አንድ ቁንጥር ዱቄት ጨመርንና አሽገን ፖስታ ቤት ሰደድነው። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ስቴቢንስ መጣ።

«እመቤቴ፣ ዛሬም ከወንድምዎ!» አለኝ ኮፍያውን እያወለቀ።

«የእሱ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ጀርባው ላይ ተጽፏል እኮ።»

«እስኪ ያንብቡልኝ፤ መነጽሬን ጓዳ ትቼዋለሁ።»

ስምህን ያነበበው ፖስታውን እያየ አልነበረም፤ እኔን እያየ ነው። የጥቁር ኮቱ እጅጌ ጫፍ ላይ ዱቄቱ ነበር። ሾርባ ቀዳሁለት። ጠረጴዛውን ስደገፍ፣ «እግርዎ ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ሲበርድ ይጠዘጥዘኛል» አልኩት። «ትንሽ ይረፉ እንጂ» ብሎ የራሱን ወንበር ሳበልኝ። ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? ሁለት ወር ሙሉ ወንድሜን በቁርጥራጭ ያወራሁለት ሰው አጠገብ ተቀምጬ ዳቦ ቆረስኩለት።

የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ሚስተር ፕሩዊት ዘንድ በጓሮ በር ሄድኩ። የሰው ደብዳቤ መክፈት በመንግሥት ሕግ ወንጀል ነው፤ ያስራል ይላል። የፖስታ መርማሪው ከሶልት ሌክ ከተማ የሚደርሰው ግን ቅዳሜ 20 ነው። ፕሩዊት ሙጫው ላይ ምልክት ያደረገበት አንድ ደብዳቤ ያስፈልገናል። ስለዚህ እንደ ወትሮው ጻፍልኝ። ውሸት ጻፍ። ደብተሩን ይዘህ ቅዳሜ ሬኖ ከተማ እንደምትውል ጻፍ፤ እነሱ እዚያ ሲጠብቁህ ወደዚህ አይመጡም። አንተ ግን ከዊልማ ቤት እንዳትንቀሳቀስ። በእናታችን አጥንት አስምዬሃለሁ።

ግራሲያና


ላስ ቬጋስ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1979

ለእትዬ ግራሲያና፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ! እጄ በር ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ድኗል። ደስ የሚል ዜና ልንገርሽ፤ ሥራው ሊያልቅ ነው። ቅዳሜ 20 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬኖ፣ «ነጭ ጥድ» ካዚኖ ውስጥ ደብተሩን ለአንሰል አስረክባለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤት እመጣለሁ። ለሚስተር ስቴቢንስ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ስለሚያደርግልሽ ሁሉ ባለውለታው ነኝ።

ወንድምሽ ቤልትራን


ኤልኮ፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1979
(በዊልማ ታኬት አድራሻ)

ቤልትራን፣

ተያዘ። ቅዳሜ ምሳ ላይ መርማሪው ከብት ገዢ መስሎ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀመጠ። ስቴቢንስ ሁለተኛ ሳህን ጠይቆኝ እየጠበቀ ነበር። መርማሪው ተነሥቶ፣ «ሐሙስ ዕለት ለወይዘሮዋ ያመጡትን ደብዳቤ ሙጫ ማን ቀየረው?» አለው። ስቴቢንስ አልተደናገጠም። አፉን ጠረገ፤ ናፕኪኑን አጠፈ። አኒሴቶ ግን ከዘራውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ «በዚህ በኩል ዛሬ መንገድ የለም፣ ፓምፕ ሻጩ!» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሲወጣ አጠገቤ ቆም ብሎ በዝግታ፣ «እመቤቴ፣ ወንድምዎ ከእርስዎ የባሰ ውሸታም ነው። ጥሩ ውሸታም ግን ቃሉን ያከብራል» አለኝ። ምን ማለቱ ነው? ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ቃል እያላመጥኩ ነው። ዊልማ ቤት ስልክ ብደውል የሚያነሳ የለም። ትናንት አምስቴ ደወልኩ። ቴሌግራምም ልኬያለሁ።

አንተ ከዚያ ቤት አልወጣህም አይደል? አንዲት ቃል ብቻ ጻፍልኝ። «አለሁ» በል።

ግራሲያና


ሬኖ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1979

ለተከበሩ ወይዘሮ ግራሲያና ኢሪባርኔ፣

ሳንተዋወቅ እንዲህ ባለ ጉዳይ ስለጻፍኩልዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ከሁሉ በፊት፦ ወንድምዎ በሕይወት አለ፤ እዚህ ሬኖ ሆስፒታል ተኝቷል። ቴሌግራምዎ በጎረቤቴ በኩል የደረሰኝ ዛሬ ነው፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ቤቴ አልገባሁም።

ቃሉን አልጠበቀልዎትም። ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን ሲያስር አገኘሁት። «የት ልትሄድ ነው?» ስለው፣ «ወንበሩ ባዶ ከሆነ ይነቁና ኤልኮ ይደውላሉ። መርማሪው ቢዘገይስ? እህቴ ዘንድ አንድ በር ብቻ ነው ያለው» አለኝ። እንዳልከተለው ለመነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ልጆች ሲለምኑኝ ኖሬያለሁ፤ አልሰማሁትም።

ሬኖ ነጭ ጥድ ውስጥ በዘጠኝ ሰዓት ተቀመጠ። የያዘው ባዶ ደብተር ነበር። በየዙሩ አስር ዶላር፣ ሁልጊዜ አስር፣ አንዴም ከፍ ሳይል። እንደ ልማዴ ሰዓቴን አየሁ፤ ልጽፍ አልፈለግሁም፤ እጄ ግን እምቢ ብሎኝ ጻፈ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ሦስት ሰዎች ከበቡት። እሱ ግን «ይህቺን ዙር ልጨርስ» እያለ፣ ከካርታ አዳይዋ ጋር እየቀለደ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ አቆያቸው። ጉንጩ ላይ ላቡ ሲወርድ ከሩቅ ይታየኝ ነበር። በጓሮ በር ሲወስዱት እንደ ክፍል ውስጥ ጮህኩ፤ አንድም ሰው ከማሽኑ ቀና አላለም። ሸሪፉ ጋ ደወልኩ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደረሱ። ክፍሉ ባዶ ነበር፤ የካዚኖው ሰዎች «እንዲህ ያለ ሰው አላየንም» አሉ።

እሁድ ጠዋት ከላቭሎክ ከተማ ወዲህ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አገኙት። መንጋጋውና ሦስት የጎን አጥንቶቹ ተሰብረዋል። ቀኝ እጁን ዳግመኛ ነክተውታል፤ ሐኪሙ ስለ እጁ ተስፋ አልሰጠኝም። መንጋጋው በሽቦ ስለታሰረ አይናገርም። እንደነቃ በግራ እጁ መጀመሪያ የጻፈልኝ «ኤልኮ?» የሚል ነው። «ደህና ናት» ስለው አለቀሰ።

እውነተኛውን ደብተር እኔው አቃጥዬዋለሁ። አንሰል ቀደም ብለን የላክንለትን ቁጥር ይዞ ጠፍቷል። የስምንቱ ተጫዋቾች ስም አልወጣም፤ ወንድምዎ ይህን እንድነግርዎት ይፈልጋል። ለእኔ ግን ስምንቱም አንድ ላይ የእሱን እጅ አያክሉብኝም።

አክባሪዎ ዊልማ ታኬት


ኤልኮ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1979

ቤልትራን፣

ከሆስፒታሉ ከተመለስኩ አራት ቀን ሆነኝ። እዚያ አልጋህ አጠገብ ሆኜ ልነግርህ ያቃተኝን ነው የምጽፍልህ። አንተ መናገር አትችልም፤ እኔ ደግሞ እያየሁህ መናገር አልቻልኩም። ዊልማ ማንኪያውን ከእጄ ወስዳ ባትመግብህ ኖሮ ሾርባውን አንገትህ ላይ ባፈሰስኩት ነበር። ደግ ሰው ናት። ስትለቀቅ እሷም አብራህ ትምጣ፤ ምድጃው ጎን ያለውን ክፍል አሰናድቼላታለሁ።

መርማሪው የስቴቢንስ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርቧል አለኝ። ሬኖ ያሉት ሰዎች ግን የማይነኩ ናቸው አለ። ወጥ ቤቱ ሁለተኛ በር ወጥቶለታል፤ አኒሴቶና የዶሜካ ባል ግድግዳውን ነድለው ሠሩልኝ። በሩ ተሠራ፤ እኔ ግን አሁን የምጠብቀው ሁለት በር ሆነብኝ።

ይህ ቤት ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ እንግዳ መልሶ አያውቅም፤ ታውቃለህ። ትናንት ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ በረዶው እየጣለ አንድ ሰው በሩን መታ። ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል፤ ትንሽ ሻንጣ ይዟል። መኪናው መንገድ ላይ ቆማበት በእግሩ መምጣቱን ነገረኝ። ኮፍያውን አውልቆ፣ «እመቤቴ፣ አንድ አልጋ ቢገኝ? ወለልም ይሆነኛል» አለኝ።

ድምፁ ጨዋ ነበር። ያ ነው ያስፈራኝ። ቢሳደብ አስገባው ነበር መሰለኝ።

«ሞልቷል» አልኩት።

ከኋላዬ አኒሴቶ፣ «ግራሲያና፣ ሦስት ክፍል ባዶ አይደለም እንዴ?» አለ። ሰውየው ሰማው። እኔን አየኝ፤ እኔም አየሁት። ከዚያ ኮፍያውን መልሶ ደፍቶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኝ ሄደ። በሩን ዘግቼ መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ነካካሁት። ወዲያው ልጠራው መስኮቱ ጋ ሄጄ ነበር፤ ግን መጋረጃውን ዘጋሁት።

ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ መንገዱ ድረስ ወጣሁ። የት እንደደረሰ ልጠይቅ ብዬ ሆቴሎቹን ሁሉ ዞርኩ፤ እንዲህ ያለ ሰው ያሳደረ የለም። በበረዶው ላይ የእግሩን ዱካ ፈለግሁ። በረዶው ሲጥል አድሮ ሸፍኖታል።

እህትህ ግራሲያና